ሳያነቡ «አዎን» ስለ ማለት

የሰው ልጅ የማኅበር ኑሮ በሁለት አጫጭር ቃላት ላይ የቆመ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አንደኛው «አድርግ» የሚለው የትእዛዝ ቃል ነው፤ ሁለተኛውም «አዎን» የሚለው የፈቃድ ቃል ነው። አባት ልጁን፥ አሠሪ ሠራተኛውን፥ አለቃ ጭፍራውን የሚያሠራው በመጀመሪያው ቃል ሲሆን፥ ሽማግሌ ዕርቅን፥ ሙሽሮች ቃል ኪዳንን፥ ሻጭና ገዥ ውልን የሚያጸኑት በሁለተኛው ነው። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለው የአባቶች ተረትም ለስድብና ለሐሜት ብቻ ሳይሆን፥ ሳይታሰብ ለሚሰጥ ፈቃድም ይስማማል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ሰው ማንበብ ሲችል ሳያነብ ስለ ፈቀደው ሥራ ይጠየቃልን? ሥራውን የፈጸመው የሰው እጅ ካልሆነስ ጥፋቱ በማን ላይ ይወድቃል? ጥያቄው አሮጌ ነው። ዛሬ እንድናነሣው ያስገደደን ግን በአሰላና በአርሲ ደጋ ያሉ ወጣቶቻችን ሳይቀሩ የሚገለገሉበት አዲስ መሣሪያ ነው፤ እርሱም በኮምፒዩተር የትእዛዝ መስመር ላይ የሚሠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ነው።

ከመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባልና፥ የትእዛዝ መስመር ማለት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጥ። ኮምፒዩተር ዛሬ ብዙው ሰው የሚያውቀውን ሥዕልና መስኮት ከማግኘቱ በፊት፥ ሰው ከእርሱ ጋር የሚነጋገረው ቃል በመጻፍ ነበር። ሰውየው አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፤ ማሽኑ ይፈጽማል፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ይመልሳል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት ዩኒክስ የተባለው ሥርዐት ይህን አሠራር በእጅጉ አስፋፋው፤ ዛሬም ታላላቅ ኮምፒዩተሮችን የሚያስተዳድሩ ባለሞያዎች ብዙውን ሥራቸውን የሚሠሩት በዚሁ ጽሑፍ ብቻ በሚታይበት ገጽ ላይ ነው። የትእዛዝ መስመር ጠባዩ ሁለት ነው፤ ፈጣን ነው፥ ደግሞም አያመነታም። ለምሳሌ «አር ኤም» የተባለችው ባለ ሁለት ፊደል ትእዛዝ ፋይልን ትሰርዛለች፤ የሰረዘችውንም መልሶ ለማንሣት በሚቻልበት ቅርጫት ውስጥ አታስቀምጠውም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሞያ የመፈጸሚያውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት በገዛ እጁ የጻፈውን መስመር ደግሞ ያነባል።

በ2017 ዓ.ም. ግን በዚህ አሮጌ ገጽ ላይ አዲስ ሠራተኛ ገባ። በየካቲት ወር አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ «ክሎድ ኮድ» የተባለውን ረዳት፥ በሚያዝያ ኦፕን ኤአይ «ኮዴክስ» የተባለውን፥ በሰኔ ደግሞ ጉግል «ጀሚናይ»ን ለትእዛዝ መስመር እንዲስማማ አድርጎ አወጡ። እነዚህ ረዳቶች ተጠይቀው መልስ የሚሰጡ ብቻ አይደሉም። ሰውየው የሚፈልገውን በተራ ቋንቋ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ፋይሎቹን ያነባሉ፥ የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ራሳቸው ይጽፋሉ፥ ከዚያም «ይህን ላድርግን?» ብለው ይጠይቃሉ። ምርጫውም ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው፤ «አዎን»፥ «አዎን፥ እንዲህ ላለውም ዳግመኛ አትጠይቀኝ»፥ «አይሆንም»። ከዚህም አልፎ ከነጭራሹ ሳይጠይቁ እንዲሠሩ የሚያደርግ መንገድ አለ፤ በአንደኛው ረዳት ላይ ሠሪዎቹ ራሳቸው የዚህን መንገድ ስም «አደገኛ» የሚል ቃል ያለበት አድርገውታል።

እንግዲህ የተለወጠውን ነገር ልብ እንበል። ቀድሞ ሰው ያዝዝ ነበር፥ ማሽን ይፈጽም ነበር። ዛሬ ግን ዝርዝር ትእዛዙን የሚጽፈው ማሽኑ ነው፥ ሰው ይፈቅዳል። ከሁለቱ ቃላት «አድርግ» የሚለው ወደ ማሽኑ ሲያልፍ፥ በሰው እጅ የቀረው «አዎን» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው ኀላፊነት ሁሉ በዚህች በቀረችው ቃል ላይ ተጠራቅሟል ማለት ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው አሰላ ዛሬ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ በአጠገቧም በስንዴ ምርምር በመላ አገሪቱ የታወቀው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የሥልጠና መርሐ ግብር ከጀመረ ወዲህም የኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍ የጥቂት ምሁራን ሞያ መሆኑ እየቀረ፥ በየከተማው ያለ ወጣት የሚሞክረው ነገር ሆኗል። የሚከተለውም የሆነው በዚሁ አገር ነው።

ከአሰላ ብዙ በማይርቅ ገጠር ለሚገኝ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ የሚይዝ አንድ ወጣት እናውቃለን። የእርሱንም የማኅበሩንም ስም መግለጥ ለጉዳያችን አያስፈልግም። በሰኔ ወር መግቢያ፥ የመኸሩ ስንዴ ከመዘራቱ በፊት፥ ለማዳበሪያ ገንዘብ የከፈሉትን ገበሬዎች ስም ዝርዝር አስተካክሎ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ዝርዝሩ ከየቀበሌው በተለያየ እጅ የተጻፈ ነበር፤ አንዱ በግእዝ ፊደል፥ ሌላው በቁቤ ጽፎታል። «ኃይሉ» የሚለው ስም በሦስት ዐይነት «ሀ» ተጽፎ ይገኛል፤ በቁቤ ከጻፉትም አንዱ ፊደሉን ሲደግመው ሌላው አልደገመውም። በዚህ ምክንያት አንዱ ሰው ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ነበር። ወጣቱ በእጁ ሊያስተካክለው ቢነሣ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ የተሰጠው ጊዜ ግን ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ የትእዛዝ መስመሩን ከፈተና ረዳቱን «በአጻጻፍ ልዩነት የተደጋገሙትን ስሞች ፈልገህ አንድ አድርጋቸው» አለው።

ረዳቱም በመልካም ሁኔታ ጀመረ። ፋይሎቹን አነበበ፤ ሊያደርግ ያሰበውን በእንግሊዝኛ ዘርዝሮ ጻፈ፤ ፈቃድም ጠየቀ። ወጣቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ጥያቄዎች በጥንቃቄ አነበበ፤ ሁሉም ትክክል ነበሩ። ዐሥረኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያነብ ጀመር። ከሃያኛው በኋላ ዐይኑ ጥያቄውን ትቶ ቁልፉን ብቻ ይፈልግ ነበር። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን «አዎን፥ ዳግመኛ አትጠይቀኝ» የሚለውን መረጠና ሻይ ሊያፈላ ተነሣ። ሲመለስ ሥራው ተፈጽሞ፥ ረዘም ያለ መግለጫም በገጹ ላይ ተጽፎ አገኘ።

በመግለጫው መካከል አንድ መስመር ነበረ፤ የአያት ስም ያልተጻፈላቸውን በራስ ስምና በአባት ስም ብቻ አመሳክሮ አንድ እንዳደረጋቸው የሚናገር። ረዳቱ ያደረገውን አልደበቀም፤ ጽፎታል። ወጣቱ ግን አላነበበውም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች መገኘታቸው በአገራችን የተለመደ ነገር ነው፤ በየመዝገቡ የአያት ስም የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው። ይህን የአርሲ ሕፃን ያውቀዋል። ማሽኑ ግን ሁለቱን ሰዎች አንድ ሰው አደረጋቸው።

በሰኔ መጨረሻ ማዳበሪያው በሚታደልበት ቀን አንዲት እናት አህያዋን እየነዳች መጣች። በእርሷ ስም የምትጠራ ሌላ ሴት ቀድማ ተቀብላ ነበርና «አንቺ እኮ ወስደሻል» ተባለች። እርሷም ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን ደረሰኝ ፈትታ ለወጣቱ አሳየችውና በኦሮምኛ «ልጄ፥ እኔን ከመዝገቡ ያወጣኝ ማነው?» አለችው። ወጣቱ «እናቴ፥ ኮምፒዩተሩ ነው» ሊል አፉን ከፈተ፤ ሆኖም ቃሉ አልወጣለትም። ለምን ቢሉ፥ ኮምፒዩተሩ መጠየቁን፥ እርሱም መፍቀዱን ያውቅ ነበር። ነገሩ ተጣርቶ ማዳበሪያው እስኪሰጣት ዐሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ማሳውን አለስልሶ ዝናቡን ለያዘ ገበሬ በሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም የደጋ ሰው ያውቀዋል።

ይህን ታሪክ ወጣቱ ራሱ በነገረን ጊዜ አብረውን የነበሩት ሰዎች ሦስት ዐይነት ፍርድ ሰጡ። አንዱ «ጥፋቱ የማሽኑ ነው» አለ። ሁለተኛው «ድንገተኛ ነገር ነው፥ ጥፋተኛ የለበትም» አለ። ሦስተኛው «ጥፋቱ የልጁ ነው» አለ። ሦስቱንም በተራ እንመልከታቸው።

ማሽኑ መሳሳቱ እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ መሳሳትና መጠየቅ አንድ አይደሉም። መጠየቅ ማለት በተበደለው ሰው ፊት መቆም፥ ማፈር፥ ካሣ መክፈል፥ ከራስ አንድ ነገር ማጣት ማለት ነው። ረዳቱ ስሕተቱ ቢነገረው ወዲያው በመልካም ቃል ይቅርታ ይጽፋል፤ ዐሥር ጊዜ ቢነገረውም ዐሥር ጊዜ ይጽፋል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ደመወዙ አይቀነስበትም፥ በቀበሌው ውስጥ ስሙ አይጠፋም፥ እናቲቱን በገበያ ሲያገኛት መንገድ አይቀይርም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነው ይህን የበለጠ ያስረዳል። አንድ ነጋዴ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ሲሠራ ሳለ፥ ምንም ነገር እንዳይለውጥ ታዞ የነበረው ረዳት ከ1,200 በላይ የሥራ መሪዎች የተመዘገቡበትን መዝገብ ሰረዘ፤ ሲጠየቅም የጠፋው ሊመለስ አይችልም ብሎ በእርግጠኝነት ተናገረ። በኋላ ግን መዝገቡ ሊመለስ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ስለ ጥፋቱ በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀውም ረዳቱ ሳይሆን የኩባንያው መሪ ነው። እንግዲህ ማሽኑን ተጠያቂ ነው ማለት፥ ሊጠየቅ በማይችል ነገር ላይ ፍርዱን ጥሎ እውነተኛውን ተጠያቂ ማስመለጥ ይሆናል።

«ድንገተኛ ነገር ነው» የሚለውም አያስኬድም። ድንገተኛ የሚባለው ማንም አስቀድሞ ሊያየው የማይችለው ነገር ነው፤ በድንጋይ ላይ የሚወርድ መብረቅ ድንገተኛ ነው። የዚህኛው ነገር ግን በግልጥ ተጽፎ በዐይን ፊት ቀርቦ ነበር። ሊታይ የሚችለውን ሳያዩ ቀርቶ «ድንገት ደረሰብኝ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

የሚቀረው ሦስተኛው ፍርድ ነው፤ ጥፋቱ የልጁ ነው የሚለው። ይህ በመሠረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለማወቅ ከራሳችን አገር ታሪክ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይረዳናል።

የመጀመሪያው የጣት አሻራ ነው። በፍርድ ቤት ደጅ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የሚቀመጠውን የማመልከቻ ጸሐፊ የማያስታውስ ማነው? በንጉሡ ዘመን የአርሲ ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነበር፤ ማመልከቻውና ውሉ ግን የሚጻፈው በአማርኛ ነበር፥ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎታልና። ገበሬው ያላነበበውን፥ ቢነበብለትም በወጉ በማይሰማው ቋንቋ የተጻፈውን ወረቀት ጣቱን ቀለም ነክሮ ያጸድቀዋል። በዚያች አሻራ መሬቱን ያጣና ያልተበደረውን የከፈለ ሰው እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ዛሬ በአርሲ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ያ ችግር በዚህ በኩል ቀንሷል። ሆኖም በዚያ ዘመንም ቢሆን ሕጉ ነገሩን ሳያስብበት አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1728ኛው አንቀጽ፥ ማየት ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ያደረገው ውል በውል አዋዋይ ወይም በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት መደረጉ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ደንግጓል። የዚህ ድንጋጌ ሐሳብ ግልጥ ነው፤ ያልገባው ሰው የሰጠው ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ አይደለም፥ ስለዚህ ሌላ ሰው ቆሞ ያስረዳው።

ሕጉ ይህን ጥላ የዘረጋው ማንበብ ለማይችል ሰው ነው። ማንበብ እየቻለ ላላነበበ ሰው ግን አልዘረጋም። ወጣታችን በየጊዜው የሚጫናት ቁልፍ ከአያቱ የጣት አሻራ ጋር አንድ ዐይነት ሆናለች፤ ልዩነቱ አያቱ ማንበብ ስላልቻለ ያደረገውን የልጅ ልጁ ማንበብ ስለታከተው ማድረጉ ነው። እርግጥ ነው፥ ለእርሱም የሚነገርለት አለ። የኮምፒዩተር ትእዛዝ ሁሉ መሠረቱ እንግሊዝኛ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሥርዐት ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም በአንዳንድ የትእዛዝ ገጾች ላይ ፊደላችን ተዛብቶ ይታያል። ስለዚህ የአርሲ ወጣት ረጅሙን የእንግሊዝኛ መግለጫ በድካም ሰዓት ሲያነብ ከግማሽ አንባቢ አይበልጥም። ይሁን እንጂ አያቱ ያልነበረው አንድ ነገር አለው፤ ጸሐፊውን «በራሴ ቋንቋ አስረዳኝ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ረዳቱ በአማርኛም በኦሮምኛም፥ ጉድለት ባይጠፋውም፥ ያስረዳዋል። መጠየቅ እየቻለ ካልጠየቀ ግን አለማወቁ ምክንያት አይሆነውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ትራክተር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎን የእርሻ ልማት ድርጅት፥ በብዙዎች ዘንድ ካዱ የተባለውን፥ መቀመጫውን አሰላ አድርገው አቋቋሙ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ምርጥ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛው ገበሬና ለጭሰኛው እንዲደርስ ነው። ምርቱም ጨመረ። ነገር ግን እርሻ የሚያተርፍ መሆኑን ያዩ ባለ ርስቶች ትራክተር ገዝተው መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ቀድሞ በዚያ መሬት ላይ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ጭሰኞችም ተነቀሉ። የድርጅቱ የጥናት ሰዎች ራሳቸው ይህን በጽሑፍ መዝግበውታል። የጭሰኝነት ሥርዐት እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቆየ።

በዚህ ትራክተሩን መርገም አይገባም፤ ትራክተር የታዘዘውን አረሰ። ትምህርቱ ሌላ ነው። ባለ ርስቱ «አዎን፥ ይታረስ» ሲል ትርፉ የእርሱ ነበር፤ የዚያ «አዎን» ዋጋ ግን የተከፈለው በዚያ ሰዓት ባልተጠየቀው በጭሰኛው ነው። በወጣታችንም ታሪክ የሆነው ይኸው ነው። የሁለት ሳምንት ድካም ያተረፈው እርሱ፥ ዐሥራ ሁለት ቀን የከፈለችው ደግሞ በዚያች ሌሊት ቤቷ ተኝታ የነበረችው እናት ናት። በራስ ንብረት ላይ ሳያነቡ «አዎን» ማለት ስንፍና ሊባል ይችላል፤ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ሳያነቡ «አዎን» ማለት ግን ከስንፍና አልፎ በደል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንለው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ ረዳቱ ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ እኔ ባነበው ምን እጨምራለሁ? ለዚህ የምንመልሰው፥ ማሽኑ ከሰው ይልቅ ብዙ ነገር ማወቁን ሳንክድ ነው። ሆኖም በዚያ ቀበሌ ስመ ሞክሼ የሆኑ ሁለት ሴቶች መኖራቸውን የሚያውቀው ማን ነበር? ሠፈሩን፥ ሰዉን፥ የወሩን ዝናብ የሚያውቀው ሰውየው ነው። ፈቃድ የሚጠየቀውም ይህን ዕውቀቱን እንዲጨምርበት እንጂ የማሽኑን ሥራ እንዲያደንቅ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው ይጠነክራል። ሁሉን አንብብ ካላችሁን መሣሪያው ምን ጠቀመን? ድካሙ ተመልሶ መጣ እኮ! ይላል። ይህ እውነት አለበት። ሁሉንም እኩል አንብቡ የሚል ሕግ ማንም የማይጠብቀው ሕግ ነው፤ ማንም የማይጠብቀው ሕግም ሰውን ግብዝ ያደርጋል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ እንላለን።

አንደኛ፥ የሚነካው ነገር የማን ነው? የራሴ ከሆነ ብሳሳት እኔ እከፍላለሁ። የሌላ ሰው ከሆነ ግን፥ ይልቁንም የሰው ስም፥ ገንዘብ ወይም ጤና ከሆነ፥ ላነብ ግዴታ አለብኝ። ደግሞም ረዳቱ የሚያነበው ፋይል ብዙ ጊዜ ወደ ሩቅ አገር ኮምፒዩተሮች ይላካል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ በያዘው ወገን ላይ ኀላፊነት የጣለ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሁለተኛ፥ የሚደረገው ነገር ሊመለስ ይችላልን? ማንበብ፥ መቍጠር፥ ማነጻጸር ምንም አያጠፋም፤ እነዚህን በቶሎ ብንፈቅድ ጥፋት የለበትም። መሰረዝ፥ ማጣመር፥ መላክ ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ በፊት የመዝገቡን ቅጂ ለብቻ ማኖርና የቀረበውን እያንዳንዱን መስመር ማንበብ ይገባል። «ዳግመኛ አትጠይቀኝ» የሚለውም መልስ ለፊተኞቹ እንጂ ለኋለኞቹ ፈጽሞ መሰጠት የለበትም።

ሦስተኛ፥ ይህን ለባለቤቱ ፊት ለፊት ላስረዳው እችላለሁን? ያቺ እናት አሁን ከአጠገቤ ቆማ «ምን እያደረግህ ነው፥ ልጄ?» ብትለኝ በሁለት ዐረፍተ ነገር ልመልስላት የማልችለውን ነገር ልፈቅደው አይገባኝም። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሌለውን ሰው በሕሊና አምጥቶ በፊታችን ያቆመዋል።

እንግዲህ ጥፋቱ የወጣቱ ነው ስንል በእርሱ ላይ ብቻ እናከትማለን ማለት አይደለም። የሁለት ሳምንቱን ሥራ በሁለት ቀን ጨርስ ያለው አለቃም፥ ሳያነቡ የመፍቀድን ሌሊት ያዘጋጀው እርሱ ነውና፥ ድርሻ አለው። እንዲሁም መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ድርሻ አላቸው። ጥቃቅኑንና ታላቁን ነገር በአንድ ዐይነት ቃል ሃምሳ ጊዜ የሚጠይቅ ረዳት፥ ሰውን ማስተዋል ሳይሆን መልመድን ያስተምረዋል። ጠያቂው በጠየቀ ቍጥር ኀላፊነቱን ከራሱ ወደ ተጠያቂው የሚያሻግር ከመሰለው፥ ጥያቄው ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቶ ማምለጫ ይሆናል። ይሁን እንጂ የአለቃው ጥፋት የወጣቱን አያጠፋለትም፤ የሠሪውም ጥፋት የአለቃውን አይሸፍንለትም። ኀላፊነት እንደ ዳቦ ተቈርሶ ሲከፋፈል የሚያንስ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ በነካው ልክ ሙሉውን ይሸከማል።

በወንጌለ ማቴዎስ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ተነገረለት የመቶ አለቃ ስናስብ ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ወታደሮቹ በቃሉ የሚሄዱና የሚመጡ መሆናቸውን ነው። ነገር ግን ያ ሰው ስለሚያዝዛቸው ከመናገሩ በፊት አስቀድሞ የተናገረው፥ እርሱ ራሱም ከሥልጣን በታች ያለ ሰው መሆኑን ነው። ማዘዝን በሚገባ የሚያውቀው፥ ስለ ትእዛዙ የሚጠየቅበት ቦታ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ነው። በትእዛዝ መስመር ፊት የሚቀመጥ ወጣትም አንድ ታዛዥ አገልጋይ ተሰጥቶታል፤ ይህ ክብር ነው። ክብሩ የሚጸናው ግን ከራሱ በላይ የሚጠይቀው እንዳለ፥ ከራሱ በታች ሳይሆን ከራሱ ጋር እኩል የሆነ ሰው በመዝገቡ ውስጥ እንዳለ ሲያውቅ ነው።

ያ ወጣት ዛሬም በረዳቱ ይሠራል፤ እኛም ተወው አላልነውም። መዝገቡ ከቀድሞው ይልቅ ጠርቷል፥ ድካሙም ቀንሷል። ነገር ግን አንድ ልማድ አምጥቷል። ረዳቱ አንድ ናቸው ብሎ ሊያጣምራቸው ያሰባቸውን ስሞች፥ ከመጣመራቸው በፊት፥ በወረቀት አትሞ በማኅበሩ በር ላይ ለሦስት ቀን ይለጥፋል፤ ማንበብ ለማይችሉትም በስብሰባ ቀን ቆሞ በኦሮምኛ ያነብላቸዋል። «ይህ እኔ ነኝ፥ ያኛው ግን ጎረቤቴ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ባለፈው ዓመት ያቺ እናት እስከ መጨረሻው ስም ድረስ ቆማ አደመጠች። ሲጨርስም «አሁን አዎን በል» አለችው።